እህቴና መንገድ የሚበላው አውሬ

በእህቴ በቤዛዊት ቀብር ላይ የተነበበውን የሕይወት ታሪክ የጻፍኩት እኔ ነኝ። አጎታችን አጠገቤ ቁጭ ብሎ "አሳጥረው፣ ሰው ፀሐይ ላይ ነው የሚቆመው" እያለኝ ነው የጻፍኩት። ተወለደች። ተማረች። ስምንት ዓመት በመምህርነት አገለገለች። አምስት ቀን ሳንባዋን ታማ በሠላሳ አንድ ዓመቷ ከዚህ ዓለም በሞት ተለየች። አንድ ገጽ አልሞላም።

በድምፅ ማጉያው ሲነበብ አንገቴን ደፍቼ ነበር። "በመምህርነት አገለገለች" ሲል ቀና አልኩ። ምን እንዳስተማረች ወረቀቱ ላይ የለም። ሳልጽፈው የቀረሁት ረስቼው አይደለም። እሱን ከጻፍኩ ቀጥሎ የመጣውንም መጻፍ ነበረብኝ።

አሁን ልሞክር። ጽሑፍ አልችልበትም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ የቀረሁ ሰው ነኝ፣ ሥራዬ ጎማ መለጠፍ ነው። ድሮ ማመልከቻ እንኳ ስጽፍ እሷ ነበረች የምታርመኝ።

ቤዛ እዚሁ ቀራንዮ አካባቢ ባለ አንድ ትምህርት ቤት አማርኛ ታስተምር ነበር። ስሙን አልጽፍም። ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ነው የምታስተምረው። ቀጭን፣ ፈጣን፣ ቀሚሷ ላይ ሁልጊዜ የጠመኔ ምልክት ያለባት ሴት ነበረች። ስትስቅ አፏን አትሸፍንም፣ ዓይኗን ነው የምትሸፍነው። አብረን መንገድ ስንሄድ ወሬው ሲጥማት መሀል አስፋልት ላይ ትቆማለች። ባለታክሲው ክላክስ ሲያደርግባት ሳትዞር እጇን አንስታ "አንዴ ልጨርስ!" ትለዋለች። አንዱ ሾፌር አንገቱን በመስኮት አውጥቶ "እመቤቴ፣ ቤትሽ ሄደሽ ብትጨርሺውስ?" አላት። "ቤት ስደርስ እረሳዋለሁ" አለችው። እውነቷን ነበር የመለሰችለት። ሰው ሲጠይቃት ቀልድም ቢሆን እውነቱን ነበር የምትመልሰው።

ቅዳሜ ጠዋት በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ሠላሳ የሚሆኑ ልጆች ሰብስባ ምናባዊ ልብወለድ ታስነብባቸው ነበር። ማለቴ፣ የሌለ አገር ያለበትን፣ አውሬ የሚናገርበትን፣ ዛፍ የሚሄድበትን ዓይነት። "የእኛ ልጆች ጭራቅ ሲወራ ሰምተው ያድጋሉ። እንዴት እንደሚነበብ ግን ማንም አያስተምራቸውም" ትል ነበር። ለሠላሳ ልጅ የሚሆን መጽሐፍ ስላልነበረ ራሷ ጻፈችላቸው። በየሳምንቱ አንድ ምዕራፍ፣ በእጇ፣ በሁለት ወረቀት ላይ። ጎሚስታችን አጠገብ ፎቶ ኮፒ ቤት ስላለ ሐሙስ ሐሙስ እኔ ነበርኩ የማባዛላት። ወረቀቱ ሞቆ ሲወጣ እዚያው ቆሜ አነበዋለሁ። የመጀመሪያ አንባቢዋ እኔ ነበርኩ ማለት ነው። ይህን ሳስብ አሁንም ደስ ይለኛል፤ ደስ እንዳለኝ ደግሞ ያመኛል።

ታሪኩ ስለ ዙልባ ነው። ዙልባ አውሬ ነው። ሥጋ አይበላም፣ መንገድ ነው የሚበላው። አንድ መንገድ በበላ ቁጥር በሁለቱ ጫፍ ያሉ ሰዎች መገናኘት አይችሉም። ሜዳው አለ፣ ተራራው አለ፣ ሰውየው እዚያ ማዶ ቆሞ ይታያል፣ ግን ቢሄዱ ቢሄዱ አይደርሱበትም። ሰባት ጥርስ አለው። ፀሐይ ከምትጠልቅበት በኩል ይመጣል።

ስሙን ለማግኘት አንድ ወር ፈጅታለች። በማንም ቋንቋ ምንም ትርጉም እንዳይኖረው ነበር የፈለገችው። ባለሱቃችንን በጉራጊኛ ትጠይቀዋለች፣ ጎረቤታችንን በኦሮምኛ፣ አብራት የምታስተምረውን ሴት በትግርኛ። "እንዲህ የሚባል ነገር ታውቃላችሁ? ስድብ አይደለም? የሰው ስም አይደለም?" ባለሱቁ አንድ ቀን "ቤዛ፣ ልጅ ልትወልጂ ነው እንዴ?" አላት። "አዎ፣ ሰባት ጥርስ ያለው" አለችው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ሥራ ሲቀዘቅዝልኝ ሄጄ ከኋላ እቀመጥ ነበር። የምታስተምርበት መንገድ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ሦስት ሳምንት ማንም ልጅ "ይወክላል" ማለት አይችልም። የአማርኛ ተማሪ ደግሞ ከዚያ ሌላ የሚለው የለውም። ከአራተኛ ክፍል ጀምሮ ግጥም ሲሰጠው ወርቁን ቆፍር ነው የተባለው። እና አንዱ ገና እጁን አውጥቶ "ቲቸር፣ ዙልባ የሚወክለው..." ሲል ታቋርጠዋለች።

"እግሩን አየኸው?"

"ምኑን?"

"የዙልባን እግር። ስንት ጣት አለው? ሲራመድ ይሰማል አይሰማም? መጀመሪያ እሱን ንገረኝ።"

ልጆቹ ይስቃሉ። ያ ልጅ ግን ተመልሶ ያነባል። ከዚያ ቀጥሎ ሕጉን ይፈልጋሉ። በዚህ ዓለም ምን አይቻልም? ዙልባ የማይበላው መንገድ የቱ ነው? በመጨረሻ፣ ሁሉም አውሬውን በደንብ ካየው በኋላ፣ ትርጉም ይፈቀዳል። ግን ትርጉሙም በእሷ ደንብ ነው። "ማንን ማለቷ ነው አትበሉ። የእኔን ምን ነካ በሉ" ትላቸዋለች። እያንዳንዱ ልጅ ተነስቶ ታሪኩ የት ጋ እንደነካው ይናገራል። የተናገረ አይሳቅበትም፣ ከዚያ ክፍልም አይወጣም። ይህ ስምምነት ነበር።

ፈቲያ የምትባል ልጅ ነበረች፣ ምላሷ ስለት፣ ሁልጊዜ ከፊት የምትቀመጥ። "ቲቸር፣ የኔን ምንም አልነካም" አለች አንድ ቅዳሜ።

"ምንም?"

"ሰፈራችን ድሮም መንገድ የለው። ምኑን ይበላል?"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ቤዛ ዓይኗን ሸፈነች። ሳቁ ሲበርድ ከመስኮቱ አጠገብ የሚቀመጠው ዮናስ እጁን አወጣ። ዮናስ በዚያ ዓመት የገባ ልጅ ነው። ዝምተኛ ነው። ቤታቸው የሚነገረው ቋንቋ ከአብዛኞቹ የተለየ ስለነበር ሲናገር ቃላቱን እየመረጠ ነበር።

"ሁላችሁም መንገዱ ለተበላባቸው ሰዎች ነው ያዘናችሁት" አለ። "ዙልባ ግን መንገዱን ከበላ በኋላ ወደ እሱም የሚመጣ የለም። ብቻውን ነው የሚቀረው። እኔ አዲስ ሰፈር በገባን ቁጥር እንደ ዙልባ ነኝ። የሚመጣ የለም።"

ማንም አልሳቀም። ቤዛ ጎበዝ ሲባል አትወድም፣ ልጅ ጥሩ ሲመልስ "ቀጥል" ነበር የምትለው። ያን ቀን ግን ቀጥልም አላለችም። ወረቀቱን እንደያዘች ቆመች። በእረፍት ሰዓት ፈቲያ ብስኩቷን ይዛ ዮናስ አጠገብ ሄዳ ስትቀመጥ በዓይኔ አይቻለሁ። "እኔ መጥቻለሁ፣ ጥርስህን እንዳታሳየኝ" ስትለው ሰምቻለሁ።

እንዲህ ነበር። ከዚያ ክሱ መጣ።

ጊዜው እንደምታውቁት ነው። አንዱ ዘመዱን ለመቅበር መሄድ አልቻለም፣ አንዱ እናቱን ካየ ዓመታት አልፈውታል። መንገድ ተዘጋ የሚለው ወሬ በየቤቱ አለ፤ ማን ዘጋው የሚለው ደግሞ ሰው ፊት የማይነሳ ጥያቄ ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ መንገድ የሚበላ አውሬ በልጆች ቦርሳ ገብቶ ወደየቤቱ ሄደ። አንድ አባት ምዕራፉን ይዘው ትምህርት ቤት መጡ። "ይህ አውሬ እኛን ማለቷ ነው" አሉ። በዚያው ዕለት አንዲት እናት መጡ። "የለም፣ እኛን ማለቷ ነው" አሉ። ሁለቱ የተለያየ ወገን ናቸው። በርዕሰ መምህሩ ቢሮ በር አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ተራ ሲጠብቁ፣ አንዳቸው የሌላውን ጉዳይ አላወቁም።

ሦስት ሰው ያለበት ኮሚቴ ተቋቋመና ቤዛን ጠራት። ከስብሰባው መጥታ ለእኔና ለእማዬ እየሳቀች ነበር ያወራችን።

"ጥርሱ ለምን ሰባት ሆነ አሉኝ።"

"ምን አልሻቸው?" አልኳት።

"ስምንት ቢሆን አፉ አይገጥምም አልኳቸው። ለምን ከፀሐይ መጥለቂያ መጣ አሉኝ። ታሪኩ ሲጀምር እሱ የሚተኛበት ዋሻ በዚያ በኩል ስለሆነ አልኳቸው። ጻፉት! ናቲ ሙት፣ ዋሻውን ቃለ ጉባኤ ላይ ጻፉት።"

እማዬ አልሳቀችም። "አንቺ ልጅ፣ ከሰው ታጣዪናለሽ" አለች።

ርዕሰ መምህሩ ክፉ ሰው አልነበሩም። ስብሰባው ሲያልቅ ለብቻዋ አስቀርተው መከሯት። "ስሚኝ ልጄ፣ እኔ ጡረታ ለመውጣት ሁለት ዓመት ነው የቀረኝ። አንድ ገጽ ጻፊልኝ። ዙልባ ይህን ይወክላል ብለሽ ፈርሚበት፣ ፋይል ውስጥ ይገባል፣ ያልቃል" አሏት።

"ምን ይወክላል ብዬ?"

"ድህነት በይ። ድህነት ዘመዴ ነው ብሎ የሚከስሽ የለም።"

"ሙስና ብልስ?"

"ኧረ ሙስና እንዳትይ! እሱ ባለቤት አለው።"

ይህን ስትነግረን እማዬም ሳቀች። ቀጥላ ግን "እስከ ሰኞ ጠዋት ካልጻፍኩ ከማስተማር እታገዳለሁ" አለች። ሳቁ እዚያ ላይ አበቃ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ግቢ ውስጥ ልብስ ስታሰጣ ሄጄ ለመንኳት። ቤታችንን የያዘችው እሷ ነበረች። እማዬ የስኳር ሕመምተኛ ናት። እኔ የማመጣው ለራሴም አይበቃም።

"አንድ ቃል እኮ ነው፣ ቤዚ። ድህነት ብትይ ምን አለበት?"

"እነዚህን ልጆች ሙሉ ዓመት ምን እያልኳቸው ነው የከረምኩት?"

"እነሱ መች ያዩታል? ፋይል ውስጥ ነው የሚገባው።"

መቆንጠጫውን ከአፏ አወጣች። "ናቲ፣ አውሬ ባየ ቁጥር ማን ነው ብሎ ጎረቤቱን የሚፈልግ ልጅ አላሳድግም። እኔ አንዴ 'ይወክላል' ካልኩ ፍለጋው ይጀመራል። ድህነት ነው ብላቸው ያምኑኛል? ለኮሚቴው ነው እንዲህ ያለችው፣ እውነተኛው ሌላ ነው ይላሉ። ከዚያ ማንን እንደሚያገኙ አላውቅም።"

"ልጆች እኮ ናቸው።"

"ልጆች ስለሆኑ ነዋ።"

ይህን ሁሉ ነግራኛለች። አልሰማሁም፣ አልገባኝም ማለት አልችልም። ፀሐይ ላይ ቆማ፣ እርጥብ አንሶላ ይዛ፣ አንድ በአንድ ነግራኛለች።

እኔ ግን ያን ዕለት ወደ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ሄድኩ። በኮምፒውተር ለምትጽፈው ልጅ እየነገርኩ ግማሽ ገጽ አስጻፍኩ። "ዙልባ የተባለው ገጸ ባሕርይ ድህነትን የሚወክል መሆኑን አረጋግጣለሁ።" ፊርማዋን በየምዕራፉ መጨረሻ ላይ ስለማየው አውቀዋለሁ። በአንድ አሮጌ ካርቶን ላይ ተለማመድኩና ፈረምኩ። ሰኞ ማለዳ እሷ ከቤት ሳትወጣ ቀድሜ ሄጄ ለርዕሰ መምህሩ ሰጠኋቸው። "እህቴ ናት የላከችኝ" አልኳቸው። አንብበው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። "አስተዋይ ልጅ ናት፣ እኔ እኮ ብያለሁ" አሉ። እፎይ ብዬ ወደ ሥራዬ ሄድኩ። የሆነ ነገር ያዳንኩ መስሎኝ እያፏጨሁ ነበር የሄድኩት።

ፋይል ውስጥ አልገባም። ርዕሰ መምህሩ ደስ ስላላቸው ወላጆችም በልጆቻቸው በኩል እንዲሰሙ ብለው በዚያው ጠዋት ሰልፍ ላይ አነበቡት። ሰንደቅ ዓላማ ከተሰቀለ በኋላ፣ በማይክሮፎን፣ ትምህርት ቤቱ በሙሉ በቆመበት። "አውሬው ድህነት ነው። መምህርት ቤዛዊት በፊርማዋ አረጋግጣለች።" ቤዛ ከመምህራኑ ጋር ቆማ ነበር። ያን ጠዋት የሆነውን በኋላ የነገረችኝ ፈቲያ ናት። ልጆቹ ሁሉ ወደ ቤዛ ዞሩ አለች። እሷ መሬቱን ነበር የምታየው። ክፍል ሲገቡ ፈቲያ ጠየቀቻት።

"ቲቸር፣ ነበረው ማለት ነው?"

"ምን?"

"ትርጉም። ነበረው፣ አንቺ ደብቀሽን ነበር?"

ቤዛ ወደ ሰሌዳው ዞረች። ጠመኔ አንስታ የዕለቱን ሰዋስው ጻፈች አለችኝ።

በምሳ ሰዓት ጎሚስታው መጣች። የጎማውን ውስጠኛ ላስቲክ፣ ካለመነዳሪውን፣ ባኞ ውሃ ውስጥ ነክሬ ቀዳዳውን እየፈለግኩ ነበር። ጫማዋን አየሁና ቀና አልኩ።

"ፊርማዬን እንዴት ቻልክበት?" አለችኝ። ድምፅዋ ከፍ አላለም።

"ሥራሽን እንዳታጪ ብዬ ነው።"

"አውቃለሁ።"

"ርዕሰ መምህሩን ምን አልሻቸው? አልጻፍኩም አልሽ?"

"ጠየቁኝ። እኔ ነኝ የጻፍኩት አልኳቸው።"

"ለምን?"

"ታዲያ ወንድሜ በስሜ ፈርሞ ነው ልበላቸው? ፖሊስ ጣቢያ ምሳ ላመላልስልህ?" ለመሳቅ ሞከረች፣ አልሆነላትም። እጇ ወደ ዓይኗ ሄዶ እዚያው ቀረ። ከዚያ ውሃው ውስጥ ያለውን ካለመነዳሪ አይታ "ያውልህ፣ እዚያ ጋ ነው የሚተነፍሰው" አለችኝና ሄደች።

እሷ ያለችው ነው የሆነው። ልጆቹ ድህነትን አላመኑም። ትርጉም ካለ እውነተኛው ሌላ ነው አሉ፤ ፍለጋ ገቡ። ጥርሱን ቆጠሩ፣ የመጣበትን አቅጣጫ ለኩ። እና አንዱ አስታወሰ። "ዮናስ ራሱ እኮ ተናግሯል! እኔ እንደ ዙልባ ነኝ ብሏል!" በዚያ ቅዳሜ፣ በዚያ ክፍል፣ አይወጣም ተብሎ የተነገረው ነገር ወጣ። ቤተሰቡ የመጣበት አገር በየት በኩል እንደሆነ የሚያውቁ ልጆች ነበሩ። የማያውቁት ቤታቸው ጠይቀው አወቁ። በሁለት ሳምንት ውስጥ የዮናስ ስም ዙልባ ሆነ። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ወደ ታች በሚወስደው መንገድ ላይ ቆመው ጠበቁት። "መንገዱን ብላው እስቲ!" እያሉ በድንጋይ መቱት። ቅንድቡ ተተርትሮ ስድስት ቦታ ተሰፋ። አባቱ ወር ሳይሞላ ቤት ፈልገው ቤተሰቡን ወደ ሳንሱሲ አዛወሩ።

ቤዛ ያንን ሴሚስተር ጨርሳ ለቀቀች። ማንም አላባረራትም። አንድ የዱቄት መጋዘን ውስጥ ጸሐፊ ሆነች። የቅዳሜው ንባብ ቀረ። እኔን አንድ ቀን እንኳ አልወቀሰችኝም። ምሳ ትቋጥርልኛለች፣ ሸሚዜን ትተኩስልኛለች፣ ስለ ጎማ ትጠይቀኛለች። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ፣ እማዬ ስለ ሌላ ነገር እያወራች ሳለ፣ ቤዛ ወደ እኔ ሳታይ "ተናገር ያልኩት እኔ ነኝ" አለች። እማዬ "ምን አልሽ?" ስትላት "ምንም" አለች። ስለ ዮናስ ነበር። ያ ልጅ ልቡን እንዲያወጣ ያደረገችው እሷ ናት፣ ያወጣውን ለድንጋይ የሰጠሁት እኔ። ሁለቱንም ለብቻዋ ተሸክማው ነበር። "እኔ ነኝ" ብዬ ለልጆቹ ልንገራቸው እያልኩ ዓመት አለፈ። ዛሬ፣ ነገ፣ ከበዓል በኋላ። ፈራሁ። ከዚያ ታመመችና በአምስት ቀን ሞተች።

ለቅሶው ላይ ፈቲያ አምስት የሚሆኑ ተማሪዎችን ይዛ መጣች። አሁን ዘጠነኛ ክፍል ናቸው። ድንኳኑ ውስጥ ጥግ ላይ ተቀመጡ። ሊሄዱ ሲሉ ፈቲያን የውሃ ሮቶው ጋ ጠርቼ ነገርኳት። ደብዳቤው የእኔ ነው፣ ቤዛ አልዋሸቻችሁም፣ አውሬው ምንም የተደበቀ ነገር አልነበረውም አልኳት። ሻርፕዋን እያጠማዘዘች ሰማችኝ።

"ለምን ያኔ አልነገርከንም?"

"ፈራሁ።"

"ምኑን?"

"መታሰር።"

ምላሷ ስለት ነው ብያለሁ። "እሷ እያለች ቢሆን ምን አለበት" አለችኝ። ከዚያ ደግሞ "እኔ ምነው ባልዋሸችን ብዬ አዝኜባታለሁ እንጂ ጠልቻት አላውቅም። ለእኔ መንገርህ ምንም አይደለም። ለዮናስ ንገረው" አለችኝ። የቤታቸውን አቅጣጫ ከጓደኛዋ ጠይቃ ስልኬ ላይ ጻፈችልኝ።

በሳምንቱ ሄድኩ። ሳንሱሲ ከወረድኩ በኋላ ትንሽ በእግር ያስኬዳል። ሰማያዊ የቆርቆሮ በር ነው። የምለውን ስንት ጊዜ ተለማምጄዋለሁ። ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ እሷ አልዋሸችህም። አሥር ቃል አይሞላም። አንኳኳሁ። አባቱ ከፈቱልኝ፣ ሸምገል ያሉ፣ ካፖርት የደረቡ ሰው ናቸው።

"ማን ልበል?"

"ናትናኤል እባላለሁ። የመምህርት ቤዛዊት ወንድም ነኝ።"

ፊታቸው በራ። "ኦ! ግባ ግባ። ዛሬ እሷ ቀርታ አንተን ላከችህ?"

አልገባኝም። እሳቸው ወደ ውስጥ ዞረው ተጣሩ። "ዮናስ! ና እንግዳ መጥቶልሃል!"

"አልወጣም በላት" አለ ከውስጥ።

"እሷ አይደለችም፣ ወንድሟ ነው! ነውር ነው፣ ና ውጣ!"

ወጣ። በቁመት በልጦኛል። ቅንድቡ ላይ ጠባሳው ነጭ መስመር ሆኖ ቀርቷል። በሩ ላይ ቆመና አየኝ።

"አሁን ደግሞ ምን ፈልጋ ነው?" አለ።

መርዶ እንዲህ አይነገርም። ሽማግሌ ይዞ፣ በማለዳ፣ ሰው ቁጭ ብሎ ነው። ይህን አውቃለሁ። እኔ ግን ሌላ ነገር ለመናገር ስለመጣሁ ለዚህኛው የተዘጋጀ ቃል አልነበረኝም። ሰምተዋል ብዬ ነበር የማስበው።

"ቤዛ ሞታለች" አልኩ።

አባቱ "ኧረ! ኧረ!" እያሉ ወደ ኋላ ሄዱና ግድግዳውን ያዙ። ዮናስ አልተንቀሳቀሰም። የበሩን ጠርዝ ይዞ ነበር።

"ሦስት ጊዜ መጥታ ነበር" አለ። "ሦስቱንም ጊዜ በመስኮት አይቻታለሁ። እዚህ፣ አንተ የቆምክበት ነው የምትቆመው። አልወጣሁላትም።"

"ጥፋቱ የእኔ ነው በሉልኝ ብላኝ ነው የምትሄደው" አሉ አባቱ። ካፖርታቸውን በአፋቸው ላይ አድርገው ነበር። "ቁጭ በይ ስላት አትቀመጥም። ጥፋቱ የእኔ ነው በሉልኝ ብቻ።"

ሳንሱሲ ድረስ እንደምትመጣ አላውቅም ነበር። በእነዚያ ቀናት ከመጋዘኑ አምሽታ ስትገባ ሥራ በዝቶባት ነበር የሚመስለኝ። የእኔን ጥፋት ይዛ በዚህ በር ላይ ሦስት ጊዜ ቆማለች። የእኔን ስም ሳታነሳ ሦስት ጊዜ ተመልሳለች።

"የእሷ አልነበረም" አልኩት። "ሰልፍ ላይ የተነበበውን ደብዳቤ እሷ አልጻፈችውም። እኔ ነኝ። በእሷ ስም ፈርሜ የሰጠሁት እኔ ነኝ። አልዋሸችህም። አንተንም ማንንም ማለቷ አልነበረም። እንዳልታሰር ብላ ነው ዝም ያለችው።"

አላለቀሰም። ሊመታኝ ነው ብዬ ነበር። ቢመታኝ ብዬም ነበር።

"እኔ ዓመቱን ሙሉ እሷን ነበር የጠላሁት" አለ።

"አውቃለሁ። አሁን እኔን ጥላኝ።"

ጎማ ያጠቆረውን እጄን አየ። ፊቴን አየ። የሆነ ነገር የሚፈልግብኝ ይመስል ነበር፣ አላገኘውም።

"አንተን እኮ አላውቅህም" አለኝ።

በቁጣ አይደለም ያለው። ከዚያ በሩ እኔን እንዳይመታኝ ቀስ አድርጎ ዘጋው።